ትምህርትና የትንሽ ድርጅት ዕድሜ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አንድ ትንሽ ወርክሾፕ በሚከፈትበት ቀን ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ወዳጅ ዘመድ ይመርቃል። በሚዘጋበት ቀን ግን የሚጠራ ሰው የለም። ስለ መክፈት ብዙ ተናግረን ስለ መዝጋት ጥቂት የምናውቀውም ስለዚህ ይመስለኛል። ትምህርት የአንድን ትንሽ ድርጅት ዕድሜ ያረዝማልን? የሚያረዝም ከሆነስ የትኛው ትምህርት ነው?

ቲሞቲ ቤትስ የተባሉ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1976 እስከ 1982 ድረስ በአገራቸው የግል ሥራ የጀመሩ ወንዶችን መርምረው፣ ከፍ ያለ ትምህርት ያላቸው ሰዎች ያቋቋሟቸው ድርጅቶች ይበልጥ እንደሚቆዩ አሳይተዋል። ሆኖም የባለቤቱ ትምህርት የመነሻውንም ካፒታል መጠን የሚወስን ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ዲፕሎማው በአንድ በኩል ዕውቀት፣ በሌላ በኩል የገንዘብ በር መክፈቻ ነው ማለት ነው።

በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሙከራ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ከትናንሽ ነጋዴዎች ለአንዱ ቡድን የተለመደው የሒሳብ አያያዝ ትምህርት፣ ለሌላው ደግሞ የቤትንና የንግድን ገንዘብ እንደ መለየት ያሉ ጥቂት ቀላል ደንቦች ተሰጡ። በአሠራር ላይ ጎላ ያለ መሻሻል የታየው በሁለተኛው ቡድን ነው።

እኔ ይህን የተረዳሁት በኪሳራ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ ከፍተን ነበር። አንድ ዐምድ የሚችለውን ሸክም አሳምረን እናሰላ ነበር፤ የአንድን በር እውነተኛ ዋጋ ግን ማስላት አንችልም ነበር። ላሜራውን፣ ቱቦላሬውን፣ ኤሌክትሮዱንና የሠራተኛውን ደመወዝ እንደምራለን፤ የብየዳ ማሽኑን እርጅና እንረሳለን። 60,000 ብር የወጣበት ማሽን አምስት ዓመት ቢያገለግል በየወሩ 1,000 ብር በዝምታ ያልቃል። እኛም ይህን ገንዘብ ትርፍ መስሎን ተካፍለን በላነው። ማሽኑ ሲቃጠል መተኪያ አጣንና በሦስተኛው ዓመት በራችንን ዘጋን። ሦስታችንም ዲግሪ ነበረን፤ ደብተር ግን አልነበረንም።

ይህን ስል ከፍተኛ ትምህርት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የተማረ ሰው ውል ያነባል፣ ሥዕል ይረዳል፣ ገበያው ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። ነገር ግን ድርጅትን ከዓመት ዓመት የሚያሻግረው ዕውቀት ዕለት በዕለት የሚሠራበት ሲሆን ነው።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ1997 የጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ልማት ስትራቴጂ ስታወጣ ሥልጠናን ከድጋፎቹ አንዱ አድርጋ ነበር። የእኛ ድርሻ ግን ከሠልጣኙ ክፍል ውጭም ይገኛል። ለወርክሾፕ ማሽን የምንመርጥ፣ የምንተክልና የምንጠግን እኛ ነን። እንግዲያው ማሽኑን ስናስረክብ አንድ ገጽ ጽሑፍ አብረን እናስረክብ፤ ማሽኑ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ለመተኪያው በየወሩ ስንት ብር መቀመጥ እንዳለበት፣ ይህም በእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ላይ ስንት ሳንቲም እንደሚጨምር የሚገልጽ ይሁን። ሒሳቡ ለእኛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ለባለ ወርክሾፑ ግን አራተኛውን ዓመት የሚያይበት መንገድ ሊሆን ይችላል።