ማስታመምና ማዘዝ፦ የባለጸጋ ባልና ሚስት ሥልጣን በእርጅና ዘመን



ስለ ባለጸጋ ባልና ሚስት የሥልጣን ሚዛን ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንመረምረው የጋብቻውን መጀመሪያ ነው፤ ጥሎሹን፣ ማጫውን፣ የቤተ ዘመዱን ማዕረግ። እኔ ዛሬ ወደ ሌላኛው ጫፍ፣ ባል ወደሚያረጅበትና ወደሚታመምበት ዘመን ልወስዳችሁ እወዳለሁ። ምሳሌዬ የእቴጌ ጣይቱ ብጡልና የዳግማዊ ምኒልክ ትዳር ነው።

ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን ሲያገቡ አስቀድመው ትዳር ይዘው የፈቱ፣ ከስሜንና ከየጁ መሳፍንት የሚወለዱ፣ ፊደል የቆጠሩ ሴት ነበሩ። በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ጉዳይ ከጣልያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት ተከራክረዋል፤ ወደ ዐድዋም የራሳቸውን ጦር አስከትተው ዘምተዋል። ያም ሆኖ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነበር። እንዲያውም የጣይቱ «እምቢ» ለምኒልክ ይጠቅም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ባል በለሰለሰ አንደበቱ ሊናገረው የማይወደውን ሚስት ትናገርለታለች። በብዙ ባለጸጋ ቤት የሚታይ የሥራ ክፍፍል ነው።

ሚዛኑ ያጋደለው ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ ነው። ወደ ንጉሡ መኝታ ማን እንደሚገባ የሚወስኑት፣ ቃላቸውን ወደ ውጭ የሚያደርሱት እቴጌይቱ ሆኑ፤ ሹም ሽሩም በእጃቸው ገባ። ከታመመ ባል አልጋ አጠገብ የሚገኝ ሥልጣን ግን ከባሉ እስትንፋስ ጋር የታሰረ ነው፤ የሚሠራውም በእርሱ ስም ነው። የሸዋ መኳንንት ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከመንግሥት ጉዳይ እጃቸውን አንሥተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አስገደዷቸው። «ማስታመም» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሥልጣን ያስገኘላቸው ይኸው ተግባር ነበር፤ አሁን መገደቢያቸው ሆነ።

ከምኒልክ ልጅ አለመውለዳቸውም ከበዳቸው። አልጋው ለልጅ ልጃቸው ለኢያሱ ተላለፈ። ንጉሡ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. በዚያው አረፉ።

የሕግ ተማሪዎች ይህ የቤተ መንግሥት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎት ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ያንን ሽሮ የጋራ ንብረት በጋራ እንዲተዳደር ደነገገ። የውርስ ሕጋችን ግን ዛሬም ያለ ኑዛዜ የትዳር ጓደኛን ወራሽ አያደርግም። ሚስት የምትወስደው የጋራውን ንብረት ግማሽ ነው፤ የሟቹ ድርሻ ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለም ለወላጆቹና ለዘመዶቹ ያልፋል።

ሀብቱ አብረው ያፈሩት ከሆነ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ባሏ ከጋብቻቸው በፊት ያሠራውን ሕንፃ፣ እርሱ ከደከመ ወዲህ በውክልና ስታስተዳድር የኖረችውን ሚስት ግን አስቧት። ተከራይ የሚፈራው እርሷን ነው፤ ባንኩ የሚያውቀው የእርሷን ፊርማ ነው። ኪራዩ ገቢ ስለሆነ የጋራ ነው፤ ሕንፃው የባል የግል ሀብት ነው። ውክልናውም በመርሕ ደረጃ ወካዩ በሞተ ጊዜ ይቀራል። በማግስቱ የሕንፃውን ቁልፍ የሚጠይቋት የባሏ ልጆች ናቸው።

ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።