ፀሐይዋን ስለ መቁረጥ



የዛሬውን ርእስ የሰሙ አንድ ወዳጄ «ፀሐይን የሚቆርጥ ሰው ገና አሁን አየሁ» ብለው ስቀውብኛል። ይሳቁ። ኮምፒውተር ፊት የምንውል ሰዎች «ክሮፕ አድርገው» የምንለውን ሥራ ማለቴ ነው። ልሟገትለት የመጣሁትም ነገር አጭር ነው፦ ጣና ዳር ቆመን በምናነሳው የጀንበር መጥለቂያ ፎቶ ውስጥ ከሁሉ በፊት ልትቆረጥ የምትችለው ፀሐይዋ ራሷ ናት።

ማምሻውን ሐይቁ ዳር ውጡና እዩ። ከአስራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ፣ ተማሪው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ፣ ሁሉም ስልኩን ወደ ምዕራብ ደቅኖ ይጠብቃል። የጀንበሯ ጠርዝ አድማሱን ከነካ በኋላ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፤ የለችም። ባሕር ዳር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ በሰሜን አውሮፓ እንደምታደርገው ወደ ጎን እየተንሸራተተች ጊዜ አትሰጠንም። በዚያች ሁለት ደቂቃ ስንትና ስንት ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሕዝቡ ልብሱን አራግፎ ይበተናል።

ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ግን ያቺ ዓይኑን ሞልታው የነበረች ቀይ ኳስ የለችም፤ ያለችው አንዲት ነጭ ፍሬ ናት። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ፀሐይ ከሰማይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። የስልካችን ዋና ካሜራ በወርዱ 70 ዲግሪ ያህል ያያል። ፎቶው በወርዱ 4000 ፒክስል ቢኖረው ለፀሐይዋ የሚደርሳት 30 ፒክስል እንኳ አይሞላም። አድማስ ላይ ስትሆን አግዝፎ የሚያሳየን የራሳችን ዓይን ነው፤ ካሜራ እንዲህ ያለ ስስት አያውቅም። ሰውየው ታዲያ ተናዶ ዙሪያውን መቁረጥ ይጀምራል። ውሃውን ይቆርጣል፣ ታንኳውን ይቆርጣል፣ ዳር ያለውን ዋርካ ይቆርጣል፤ በመጨረሻ ጠርዙ የተቦጫጨቀ የእንቁላል አስኳል ይዞ ይቀራል።

ነጭ መሆኗም ሌላ ጣጣ ነው። በዚያ ነጥብ ላይ የካሜራው ዳሳሽ ብርሃን ሞልቶ ፈስሶበታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንዲሉ፣ እዚያ ቦታ የተመዘገበ ቀለም ስለሌለ በየትኛውም ፕሮግራም ብትጎትቱት የሚወጣው ግራጫ ነው።

አንድ ፎቶ ልንገራችሁ፤ ኋላ ታዩታላችሁ። ግንቦት ወር ነው። ፀሐይ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የምትጠልቅበትን ቦታ 48 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ስለምታዛውር፣ ሐይቁ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ለሆነብን ለእኛ የግንቦት ጀንበር ወደ ውሃው ትጠጋልናለች። አንድ ሰው ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በኩል ማገዶ ጭኖ በደንገል ታንኳ ይመጣል። ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ፀሐይዋ ከላይ አለች፣ ከሥሯ የዘጌ ጥቁር መስመር አለ፣ ከዚያ በታች ብርሃኗ ውሃው ላይ የዘረጋው መንገድ፣ መንገዱ መካከል ታንኳው። ይህን ፎቶ ለሁለት ዓመት ያህል ጠላሁት። ምን እንደጎደለው አላውቅም ነበር፤ ለካ የጎደለው ነገር የለም፣ የተረፈው ነው ያስቸገረኝ። አንድ ምሽት ከላይ 1500 ረድፍ ቆረጥኩለት። ፀሐይ ሄደች፣ ሰማይ ሄደ፣ ዘጌም ሄደ። የቀረው ውሃውና ታንኳው ብቻ ሆነ። ያኔ ነው መቅዘፊያው ከውሃ ሲወጣ የሚንጠባጠበውን ያየሁት፤ አምስት ጠብታ፣ አንድ በአንድ በርቶ። ሰውየው ጀርባው ላይ ያለችው ቀጭን የብርሃን ክርም የታየችኝ ያኔ ነው። ሁለቱም ከመጀመሪያው እዚያው ነበሩ፤ ዓይኔ ግን ወደ ላይኛው ነጭ ፍሬ እየሮጠ አላረፈባቸውም። የቀረው 6000 በ2500 ፒክስል በደህና ጥራት 50 ሳንቲ ሜትር ወርድ ይታተማል። ለግድግዳ በቂ ነው።

ስትቆርጡ ታንኳው ፊቱን ባዞረበት በኩል ውሃ ተዉለት። አፍንጫው ፍሬሙን የነካ ታንኳ ግድግዳ ሊገጭ የደረሰ ይመስላል። ሦስት ቦታ ከፍሎ አድማሱን አንዱ መስመር ላይ ማስቀመጥ የሚባለውን ደንብ ሁላችሁም ተምራችኋል፤ እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1797 ስለ ገጠር ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ ያሰፈረው ነገር ነው፤ ካሜራ ሳይኖር ማለት ነው። ይጠቅማል፣ ግን ሕግ አይደለም።

ስለ መስመር ማቅናት ግን ትንሽ ልቆይ። ያጋደለ ሐይቅ ያየ ሰው ውሃው ወደ አንድ ጎን የሚፈስ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ያቃናል። ችግሩ ብዙዎቹ የሚያቃኑት የዳርቻውን መስመር ተከትለው መሆኑ ነው። ዳርቻ ከእኛ እየራቀ በሰያፍ ሲሄድ ቀጥ ባለ ፎቶም ላይ ያጋደለ ይመስላል። እሱን አትመኑት። ውሃው ረጋ ካለ አንድ እንጨትና ነጸብራቁን ፈልጉ፤ ከእንጨቱ ጫፍ እስከ ነጸብራቁ ጫፍ የምታሰምሩት መስመር ወደ ታች ቀጥ ማለት አለበት። ይህ አይዋሽም።

ቀለም ላይ የምናጠፋው ጥፋት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የካሜራው ነው፤ ነጭን በራሱ እንዲመርጥ ስትተዉት ቀዩን ምሽት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያጥበዋል። ወደ ቀን ብርሃን፣ ወደ 5500 ኬልቪን አካባቢ መልሱት፣ ያያችሁት ይመለሳል። ሁለተኛው የእኛው የራሳችን ነው። ቀለም ማድመቂያውን ስንጎትት ከሦስቱ ቀለሞች ቀዩ ቀድሞ ጣሪያውን ይነካል፤ በተራ የስልክ ፎቶ ለያንዳንዱ ቀለም ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነውና። ከዚያ ወዲያ ያ ከብርቱካን ወደ ወይን ጠጅ ቀስ እያለ ይሄድ የነበረው ሰማይ ቀለም እንደተቀባ ቆርቆሮ አንድ ወጥ ይሆናል። በጥሬው ፋይል፣ በ14 ቢት ከሠራችሁ ደረጃው 16,384 ስለሆነ ሰፋ ያለ መጫወቻ ይኖራችኋል፤ ልክ አለማወቅን ግን እሱም አይፈውስም። መፈተኛ ከፈለጋችሁ ውሃውን እዩ፤ ነጸብራቅ ከሚያንጸባርቀው ሰማይ ጠቆር ይላል። ውሃችሁ ከሰማያችሁ ከደመቀ እጃችሁ አልፏል።

አንድ ማተሚያ ቤት ያንኑ የታንኳ ፎቶ ሳይቆረጥ ለቀን መቁጠሪያ ወሰደው። ፀሐይዋ አነሰችባቸው። ሌላ ትልቅ ፀሐይ አምጥተው፣ ለጽሑፍ ቦታ እንዲተርፍ ወደ ቀኝ ለጠፏት። ስሜን ከሥሩ አተሙልኝ። ወደቡ አጠገብ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ አንድ በታንኳ ያረጁ አባት ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ተጠግተው አዩት።

«ልጄ፣ ይቺ ፀሐይ ከየት መጣች?»

«እንዴት አባባ?»

«መንገዷ እዚህ ነው፤» አሉ በጣታቸው ውሃውን ነክተው፣ «እሷ እዚያ ናት።»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየ። የፀሐይ መንገድ ምንጊዜም ከፀሐይዋ ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ተመልካቹ ይመጣል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ መንገድ ላይ የቀዘፉ ሰው ይህን ማንም እንዲነግራቸው አይሹም። ስሜን እንዳያነቡት ተመኘሁ።

ፎቶን መነካካት የዛሬ ልጆች ያመጡት ብልግና ነው ለሚሉን ግን አልስማማም። የአገራችን ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስ ስንቱን ጉንጭ አጽድተዋል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ባሕር ሲያነሳ፣ የዘመኑ ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን ስለሚፈጥን ውሃው በደንብ እስኪወጣ ሰማዩ ይቃጠልበት ነበር። ሰማዩን በአንድ ኔጋቲቭ፣ ባሕሩን በሌላ አንስቶ አድማሱ ላይ ገጠማቸው፤ አንዱን ሰማይ በተለያዩ ባሕሮች ላይ የተጠቀመበትም ጊዜ አለ። እኔ ለ ግሬን አልከስም፤ ሥዕል ብሎ ነው የሠራው፣ ሥዕልም ነው። ለዜና የተነሳ ፎቶ ሲሆን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር የአንድ ዩክሬናዊ አንሺን ሽልማት ሰርዟል። ሰውየው ፎቶውን አብዛኛውን ቆርጦታል፣ ጥቁርና ነጭ አድርጎታል፣ ዳር ዳሩን አጨልሞታል፤ ለስረዛ ያበቃው ግን ይህ አልነበረም። ከፍሬሙ ውስጥ የሌላ ሰው እግር ቁራጭ አጥፍቶ ተገኘ፤ በዚያች ተሰረዘ። ስሰማው ቂም መስሎኝ ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ ካፈርኩ ወዲህ ግን ገብቶኛል፦ የቆረጠ ሰው «እዚህ ድረስ ብቻ እዩ» ይላል፤ ያጠፋና የለጠፈ ሰው «ያልነበረውን እዩ» ይላል።

አንድ ምክር፣ ቦታ አጥታችሁ ከኋላ ለቆማችሁ ተማሪዎች። ሕዝቡ ሲበተን እናንተ አትሂዱ። ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል አላችሁ። ደመናው ከሥር ይበራል፣ ታንኳዎቹ ወደ ቤት ይገባሉ፣ የሚቃጠል ነጭ ፍሬም የለም። የምትቆርጡት ፀሐይ እንኳ አይኖራችሁም።

ብዙ አወራሁ። በሩ አጠገብ ያለኸው ልጅ፣ እስቲ መብራቱን አጥፋልን። መጀመሪያ የምታዩት ያልተቆረጠው ነው።