የስሌት መርጋትና የጉድጓድ ውሃ ጨው



በምሥራቅ ሱዳን፣ በኢትዮጵያ ጠረፍ አቅራቢያ የምትገኘው ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ ከቀይ ባሕርም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀች ከተማ ናት። ምድሯ ውሃ አላሳልፍ የሚል መረሬ አፈር ሲሆን፣ ከሥሩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ሕዝቡ የክረምቱን ዝናብ ሐፊር በተባለ ኩሬ ያጠራቅማል። የጉድጓዱ ውሃ ግን አንዱ ዘንድ ጣፋጭ፣ ሌላው ዘንድ ጨዋማ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ዘመን፣ ኋላም ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ስደተኞች እንደ ተጠለሉበት እንደ ኡም ራኩባ ላለ ሰፈር፣ የሚቆፈረው ጉድጓድ እስከ መቼ ይጣፍጣል የሚለው የነፍስ ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ ሊቃውንቱ የሚመረምሩት በኮምፒዩተር በሚሠራ የቁጥር አምሳያ ነው። ምድሩ በሐሳብ ወደ ትናንሽ ሣጥኖች ተከፍሎ የውሃው አካሄድ በእያንዳንዱ ይሰላል። ችግሩ ጨው ውሃን ማክበዱ ነው፤ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ከጣፋጩ 25 ግራም ያህል ይበልጣል። ክብደቱ አካሄዱን ይለውጣል፤ አካሄዱም በተራው ጨውን ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዳል። አንዱ ሳይታወቅ ሌላው ስለማይታወቅ፣ ስሌቱ በግምት ይጀመርና በየዙሩ ይታረማል። በሁለት ዙር መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሲያንስ ረጋ ይባላል።

አለመርጋቱን ለተማሪ ማሳየት ቀላል ነው። የ2ን ዳግም ዘር የሚፈልግ ልጅ 1 ብሎ ይገምት፤ 2ን በግምቱ ያካፍል፤ የደረሰውንም አዲስ ግምት ያድርግ። 2 ያገኛል፤ ቀጥሎ 1፤ ደግሞ 2። እስኪመሽ ቢሠራ ከዚህ አይወጣም። የቀድሞውንና የአዲሱን አማካይ ቢወስድ ግን 1.5፣ ከዚያ 1.4167፣ ከዚያ 1.4142 ያገኛል። የከርሰ ምድር ስሌተኞችም እንዲሁ እርማቱን በሙሉ ሳይሆን በከፊል ይቀበላሉ፤ የጊዜውን እርምጃ ያሳጥራሉ፤ ጣፋጩና ጨዋማው በሚገናኙበት ቀጭን ስፍራ ሣጥኖቹን ያጠባሉ።

ሌላም መድኃኒት አለ፤ እርሱ ግን መርዝነት አያጣም። የሁለቱን ውሃ መቀላቀል ከእውነተኛው አብልጦ መገመት ነው። ስሌቱ ወዲያው ይረጋል፤ ነገር ግን ጨው በወረቀት ላይ ካልደረሰበት ይደርሳል፤ ጣፋጭ ጉድጓድም ጨዋማ ተብሎ ሊተው ይችላል። ለተጠማ ሰፈር ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ከዚህ የከፋም አለ። እንደ ፖርት ሱዳን ላለ የባሕር ዳርቻ የተሠራ አምሳያ ለገዳሪፍ ቢዋስና በአንድ ወገን ባሕር እንዳለ ቢቈጠር፣ ስሌቱ ያለ ችግር ሊረጋ ይችላል። በገዳሪፍ ግን የሚገፋ ባሕር የለም፤ የጨው ምንጭ የሚፈለገው ውሃው ለረጅም ዘመን በቆየበት ድንጋይና አፈር፣ በትነቱም ላይ ነው። መርጋት ማለት ስሌቱ ከራሱ ጋር ተስማማ ማለት ብቻ ነውና፣ ከጉድጓዱ ጋር መስማማቱን አያስረዳም።

ተማሪው 1.4142ን በራሱ አባዝቶ 1.99996 ሲያገኝ መልሱን ከጥያቄው ጋር ያስተያያል። ለገዳሪፍ ስሌተኛ እንዲህ ያለ ማስተያያ የሚሆነው በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ደግሞም በጥቅምት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከየጉድጓዱ ተቀድቶ ጨውነቱ የተለካ ውሃ ነው።