ከመዋጥ በፊት መመርመር



ከአሶሳ እስከ መተከል ያለው የቤንሻንጉል ጉሙዝ ቈላ ወባ የሚጸናበት ሀገር መኾኑን፥ በዚያ ተመድቦ የሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ኹሉ ያውቀዋል። ከወባ የዳነ ሰው የተረፈውን ኪኒን ለታመመ ባልንጀራው ቢያካፍል፥ ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ይህ ደግነት ግን ሕይወትን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላልና፥ የዛሬው ንግግራችን ምክንያቱን ማስረዳት ነው።

በሀገራችን ዋነኞቹ የወባ ዐይነቶች ኹለት ናቸው። ፋልሲፓረም የተባለው ፈጥኖ ለሞት የሚያሰጋ ነው። ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ ከደም ከጠፋ በኋላ እንኳ በጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ይቈይና፥ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። ይህን የተሸሸገ ጠላት የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን የተባለው መድኃኒት ሲኾን፥ በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን ይወሰዳል።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የአንዳንድ ሰዎችን ደም ያፈርስ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የነገሩን ሥር ገለጡ፤ ይኸውም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም ማነስ ነው። ቀለም ብረትን ከዝገት እንደሚጠብቅ፥ ይህም ኤንዛይም ሕዋሱን ከመሰል ጕዳት ይጠብቃል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር፥ ያለቀበትን ኤንዛይም ሠርቶ ለመተካት አይችልም። ስለዚህ ኤንዛይሙ ያነሰው ሕዋስ መድኃኒቱን አይቋቋምም፤ ይፈርሳል። በሜዲትራኒያን አካባቢ አንዳንድ ሰዎችን ባቄላ የሚያሳምማቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጕድለቱ ከወላጅ የሚወረስ ኾኖ፥ በወንዶች ላይ ይበልጥ ይታያል። በዓለም ከ400 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይኖራሉ።

እንዲህ ስንል ግን መድኃኒቱን ሽሹ ማለታችን አይደለም። ሐኪም ያዘዘውን ሳይጨርሱ መተው ጠላትን በጉበት ማሳደር ነው። ምክራችን ሦስት ነው፤ አንደኛ፥ ለአንዱ የታዘዘውን ሌላው አይውሰድ፤ ይልቁንም ለነፍሰ ጡር ፕሪማኩዊን አይሰጥም። ኹለተኛ፥ ምርመራው በሚገኝበት ጤና ጣቢያ ኹሉ ደማችንን እናስመርምር፤ ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ይበቃል። ሦስተኛ፥ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ሽንቱ ቢጠቍር ወይም ዐይኑ ቢጫ ቢኾን፥ አቋርጦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም ከመዋጥ መመርመር ይቅደም እንላለን።