የጉሮሮ ሕመም በጉልበት ሲገለጥ
(በሰበታ ለእናቶችና ለቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር)



ልጅ ሲታመም ብዙዎቻችን «ሳል አለው ወይ? ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን በጉሮሮ ገብቶ በሌላ የሰውነት ክፍል የሚገለጥ በሽታ አለና ዛሬ ስለዚሁ እነግራችኋለሁ።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ አለ። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች አብዝቶ ይይዛል። ድንገት ያተኵሳቸዋል፤ ሲውጡ ያማቸዋል፤ አንገታቸው ሥር ንፍፊት ይወጣል። ሳልና ንፍጥ ብዙ ጊዜ የለውም። ልጁ «ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴን አመመኝ» ይላል፤ ያስመልሰዋልም። እኛም ምች ነው ብለን ዳማ ከሴ እናሸዋለን። ትኩሳቱ በጥቂት ቀን ሲለቀው ዳነ እንላለን።

ነገሩ ግን ላያልቅ ይችላል። ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፤ እርሱ ሲተወው ቁርጭምጭሚቱ ወይም ክርኑ ይነሣበታል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ሰውነት ተሕዋሱን ለመውጋት ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይወጋል። የጉልበቱ ሕመም ያልፋል፤ የልብ ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል።

በሥራዬ ያየኋትን አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። እጇ ያለ ፈቃዷ ይወራጫል፤ ብርጭቆ ይወድቅባታል፤ ጽሕፈቷም ተበላሸ። ቀበጠች ተብላ ተመታች። እናቷን «እማማ፣ ከዚህ በፊት ጉሮሮዋን አሟት ነበር ወይ?» ብላቸው፣ «አዎን ልጄ፣ ጥቂት ወር ሆነው፤ ግን ድና ነበር» አሉኝ። ልጅቷ አልቀበጠችም፤ ታማ ነበር። ልቧም ተነክቶ ተገኘ።

ይኸው ባክቴሪያ የቆዳ ቍስልም ያመጣል። ቍስሉ ከታየ ከሳምንታት በኋላ ልጁ ጠዋት ፊቱ አብጦ ከተነሣ፣ ሽንቱም እንደ ሻይ ከጠቈረ፣ ኵላሊቱ ተነክቷልና ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያለበትን ልጅ ፈጥናችሁ አስመርምሩ። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠው ልቡ ይጠበቃል። የሚዋጥ ከሆነ ቢሻለውም 10ሩን ቀን ይጨርስ።

ሁለተኛ፤ እንጥል አታስቈርጡ፤ ቶንሲልም አታስቧጥጡ። ደም ያፈሳል፣ ሌላ በሽታም ያስገባል እንጂ አያድንም። ጠበሉን አልከለክልም፤ መድኃኒቱም አብሮ ይሁን።

ሦስተኛ፤ በሽታው በመጨናነቅ ይተላለፋል። የታመመው ልጅ ለብቻው ይተኛ፤ በብርጭቆው ሌላ አይጠጣበት፤ መስኮት ይከፈት። እጅና ቍስል በሳሙና ይታጠብ።

አራተኛ፤ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ለብዙ ዓመት ይወጋ። ደኅና ሆነ ብላችሁ አታስቀሩበት።

በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሕፃናት ልብ የሚታከምበት ማዕከል አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ከሰበታ እስከዚያ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም፣ ልጆቻችን ባይሄዱበት ይሻላል። የጉሮሮ መድኃኒት ርካሽ ነው፤ ልብ ግን አንድ ነው።