ስለ ዊልቸርና ስለ ማስታመም
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ድስት አለው። ይህ ሁሉ የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አሁን ግን ለታመሙ አባላት ዊልቸር ይገዛ የሚል ሐሳብ ስለቀረበ፣ እኔም እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ገዝተን ለሁሉም እናዙር የሚለው አያስኬድም።

ዊልቸር እንደ ጫማ ነው፣ በልክ ካልሆነ ያቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ለሰውየው አካልና ለሚኖርበት ቦታ ይስማማ ይላል። ስፋቱ በዳሌው ልክ ይሁን፤ ከመቀመጫው ጫፍ እስከ ጉልበቱ ጀርባ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይቅር። የኛ ሰፈር ደግሞ ውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ነው። የፊት ጎማው ትንሽ ከሆነ ድንጋዩ መሐል ይቀረቀርና ሰውየውን በግንባሩ ይደፋዋል። የሆስፒታል ኮሪደርና የኡራኤል መንገድ አንድ አይደሉም!

ትራሱን አደራ። እግሩ የማይሰማው ሰው ሲቆስል አያውቀውም። ተቀምጦ የሚውል ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ከፍ ወይም ዘንበል ይበል፤ የተኛውን በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጠው። የቀላ ቆዳ አይታሽም።

የማይድን ሕመምተኛም ሥቃዩ ሊታገስለት ይገባል። ሐኪም በልክ ያዘዘው ሞርፊን ለዚሁ ነው፤ ይገድላል እያልን አንከልክል። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉትን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲረዳ ቆይቷል። ጉሮሮው እምቢ ያለውንም በግድ አናጉርስ፤ ከንፈሩን በውሃ ማርጠብ ይበቃል።

እንግዲህ የምጠይቀው፣ ከግዢው በፊት ልክ የሚወስድ ባለሙያ ይጠራ፤ ለማስታመምም ሁለት ሁለት ሰው ተራ ይግባ፣ አስታማሚዋም ትንሽ ትተኛ።