ለጋራ ጨዋታ የሚጨመር አዲስ ነገር

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ስፔስ ስቴሽን 13» የተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታ መነሻው የአየርን ጠባይ ማስመሰል ነበር። ዛሬ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና ወጥ ቤቱ በአንድ የጠፈር ጣቢያ ይሠራሉ፤ በመካከላቸውም ከዳተኛ ይሸሸጋል። የዋና ዋና ቅጂዎቹ ምንጭ ኮድ ክፍት በመሆኑ ፕሮግራም መጻፍ የቻለ ተጫዋች ሁሉ አዲስ ነገር ሊያቀርብ ይችላል። ሆኖም ሁሉም ነገር የተሳሰረ ነው፤ ግድግዳ ቢቀደድ አየሩ ያልቃል፤ ጋዝ ቢያፈተልክ እሳት ይነሣል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ የጨመረ ሰው የሌሎችን ሥራ ሁሉ ነክቷል። እርሱ ጽፎ ሊሄድ ይችላል፤ ስሕተቱ ግን ለሚቀሩት ጠባቂዎች ይተርፋል። እንግዲህ እነርሱ መልካም የሚመስለውን ሐሳብ መርምረው ቢመልሱት ንፍገት አይባልም። በጋራ ሥራ የመጨመር ነጻነትና የመመርመር ግዴታ አይነጣጠሉምና።